ጉድጓዱን ያስደፈነልን ሰው ድምፁን ለምን ሰጠ?

እንደምን አመሻችሁ። በጥያቄ ልጀምር። ለከተማ ምክር ቤት አንድ ሰው ደጋግማችሁ መርጣችኋል እንበል። ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አራቴ። ለምን?

ይህን ስጠይቅ የማገኘው መልስ ብዙም አይለያይም። «ስልክ ያነሳል።» «የመንገድ መብራታችንን አሠርቶልናል።» «እናታችን ያረፉ ጊዜ መጥቶ አጽናንቶናል።» ጥሩ መልስ ነው፤ አልንቀውም። ቀጥዬ «ባለፈው ዓመት ምክር ቤት ውስጥ ምን ደገፈ? ምንስ ተቃወመ?» ስል ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። አንዳንዱ ይስቃል። «እሱን ደሞ ማን ያውቃል!» የሚልም አለ።

ዛሬ የማወራው ስለዚሁ ነው። የሰፈር አገልግሎት ተመራጩ ለእናንተ ያደረገውን ይነግራችኋል። የድምፅ መዝገቡ ደግሞ በእናንተ ስም ያደረገውን ይነግራችኋል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። እንዲያውም እኔ እንደማየው የመጀመሪያው በጣም ሲያምር ሁለተኛውን የሚጠይቅ ይጠፋል። ረጅም ዓመት የቆየ ተመራጭ ላይ ደግሞ ይሄ ፍንትው ብሎ ይታያል።

ምሳሌዎቼን በሙሉ ከአንድ ከተማ ነው የማመጣው፤ ከቺካጎ። የቺካጎ ምክር ቤት 50 አባላት አሉት። እያንዳንዱ አንድ ዋርድ፣ ማለትም አንድ የምርጫ ቀጣና ይወክላል። አባላቱ «አልደርማን» ሲባሉ ኖረዋል። የምርጫ ዘመናቸው 4 ዓመት ነው፤ ስንት ጊዜ መወዳደር እንደሚችሉ ግን ገደብ የለም። ስለዚህ 20 እና 30 ዓመት የተቀመጡ ሰዎች ሞልተዋል። ደስ የሚለው ነገር የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ታትሞ ይወጣል፤ ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ የሚለው በየስሙ ይሰፍራል። ማንበብ የፈለገ ያነባል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ከወዲሁ ይቅርታ።

ሁለት ሰዎችን ላስተዋውቃችሁ።

የመጀመሪያው ሊዮን ዴፕሬ ናቸው። በ1908 ቺካጎ ውስጥ ተወለዱ። የሠራተኛ ማኅበራት ጠበቃ ነበሩ። በወጣትነታቸው፣ በ1937፣ ከባለቤታቸው ጋር ሜክሲኮ ሄደው በስደት የነበረውን የሩሲያ አብዮት መሪ ትሮትስኪን አግኝተዋል። ሠዓሊው ዲዬጎ ሪቬራ የባለቤታቸውን ምስል ሲሥል እሳቸው የሪቬራን ሚስት፣ ሠዓሊዋን ፍሪዳ ካህሎን፣ ሲኒማ ጋብዘዋታል። ይሄ ከርዕሴ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር እያወቁ ዝም ማለት ይከብዳል።

ዴፕሬ በ1955 የ5ኛው ዋርድ ተመራጭ ሆኑ። ሃይድ ፓርክ የሚባለው የዩኒቨርሲቲ ሰፈር ያለበት ዋርድ ነው። በዚያው ዓመት ሪቻርድ ጄ. ዴይሊ ከንቲባ ሆኑ። ዴይሊ ማለት የዴሞክራቲክ ፓርቲውን የከተማ መዋቅር በእጃቸው የያዙ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር የመንግሥት ሥራ በፓርቲ ታማኝነት የሚታደልበትን ሥርዓት የሚመሩ ሰው ነበሩ። ቺካጎዎች ያንን መዋቅር «ማሽኑ» ይሉታል። ሥራ የሚገኘው በማሽኑ ነው። የቆሻሻ ገንዳ የሚመጣውም በማሽኑ ነው። የሰፈሩ የፓርቲ ሰው በር አንኳክቶ «ምን ጎደላችሁ?» ይላል፤ በምርጫ ቀን ደግሞ ተመልሶ ያንኳኳል። ውለታው ተቆጥሯል።

ዴፕሬ ለ20 ዓመት፣ እስከ 1975፣ በዚያ ምክር ቤት ተቀመጡ። ብዙ ጊዜ ውጤቱ 49 ለ1 ነበር። አንዱ እሳቸው ናቸው። ሰብሳቢው ከንቲባው ስለሆኑ ንግግራቸው ሲበዛ ማይክሮፎኑ ይጠፋባቸው ነበር።

በዚያ ጊዜ ምክር ቤቱ ውስጥ 6 ጥቁር አልደርማኖች ነበሩ። ስድስቱም የማሽኑ ሰዎች ስለነበሩ ስለ ዘር መድልዎ ብዙም አይናገሩም። ሕዝቡ «ዝምተኞቹ ስድስት» ብሎ ስም አወጣላቸው። ቤት በዘር መለየት ይቅር፣ ጥቁር የፈለገበት ሰፈር ይከራይ፣ ይግዛ እያሉ ደንብ የሚያቀርቡት ነጩ ዴፕሬ ነበሩ። ከዚህ የተነሳ «በምክር ቤቱ ያሉት ብቸኛው ጥቁር» ይባሉ ነበር። ቀልድ ይመስላል፤ ቀልዱ ግን መራራ ነው። እነዚያ ስድስት ሰዎች ለዋርዳቸው ምንም አላደረጉም ማለት አይደለም። ሥራ አስቀጥረዋል፤ ችግር ፈትተዋል። ሕዝባቸው የት መኖር ይችላል የሚለው ትልቁ ጥያቄ ድምፅ ላይ ሲቀርብ ግን የፓርቲው እጅ ወደሚያመለክትበት ሄዱ።

ዴፕሬ በ1967 ወደ ቤታቸው ሲሄዱ በጥይት እግራቸውን ተመተዋል። ዘራፊዎች ነበሩ። አገግመው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። በ2009፣ በ101 ዓመታቸው ነው ያረፉት።

ሁለተኛው ሰው ኤድዋርድ በርክ ናቸው። አባታቸው የ14ኛው ዋርድ አልደርማን ነበሩ። አባት በ1968 ሲሞቱ ልጅ በ1969 ተተኩ። ገና በ20ዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ። ከዚያ በኋላ 54 ዓመት፣ እስከ 2023 ቆዩ። በከተማዋ ታሪክ እንደሳቸው የቆየ የለም። ለአሥርተ ዓመታት የፋይናንስ ኮሚቴው ሊቀመንበር ነበሩ። የከተማው ገንዘብ ሁሉ በሚያልፍበት በር ላይ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው።

በርክን ክፉ ብቻ አድርጎ መሣል ቀላል ነው። አላደርገውም። የሲጋራ ጭስ ከሕዝብ ቦታዎች እንዲወጣ ለዓመታት ከታገሉት አንዱ ናቸው። የከተማዋን ታሪክ እንደሳቸው የሚያውቅ ጥቂት ነው። ዋርዳቸው ውስጥ ደግሞ «ሰው የሚረዱ» ተብለው የታወቁ ነበሩ። ይህን ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ፤ ምክንያቱም ፍርድ ቤት ድረስ ደርሷል።

አሁን ወደ ድምፁ እንግባ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ ደረቅ ነው፣ ግን ሁሉ ነገር ያለው እዚህ ውስጥ ነው።

አንድ ሰው መጥቶ «ተመራጫችን በ20 ዓመት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ድምፅ ሰጥቷል፤ አንድም ስብሰባ አልቀረም» ቢላችሁ ምንም አልነገራችሁም። የከተማ ምክር ቤት ሥራ አብዛኛው ጥቃቅን ነው። የአንድ ሱቅ ታፔላ ፈቃድ፣ የአካል ጉዳተኛ መኪና ማቆሚያ፣ የምስጋና ውሳኔ። ማንም አይቃወመውም። ቺካጎ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱን በስም ጥሪ ድምፅ መስጠት ጊዜ ይፈጃል ብለው አንድ መላ አበጅተዋል። በስብሰባው መጀመሪያ አካባቢ አንዴ ስም ይጠራል። ከዚያ በኋላ የሚቃወም ካልተነሳ «በቀደመው ስም ጥሪ ውጤት» እያሉ ያሳልፋሉ። ብዙ ጉዳዮችን ጠቅልለው በአንድ ጊዜ የሚያጸድቁበትም መንገድ አለ። ስለዚህ አንድ አባል ቡና ሊጠጣ ወጥቶ እያለ «ድጋፍ» ተብሎ ሊመዘገብለት ይችላል።

አሪፍ ምሳሌ አለኝ። በ2006 የቺካጎ ምክር ቤት ፎዋ ግራ የሚባለውን የዳክዬና የዝይ ጉበት ምግብ ሬስቶራንቶች እንዳይሸጡ ከለከለ። ወፎቹን በግድ እየቀለቡ ጉበታቸውን ማሳበጥ ጭካኔ ነው ተብሎ። ውጤቱ 48 ለ1። ከሌሎች ጉዳዮች ጋር ተጠቅልሎ ነው ያለፈው። የወቅቱ ከንቲባ፣ የመጀመሪያው ዴይሊ ልጅ ሪቻርድ ኤም. ዴይሊ፣ ሲያፌዙበት ከረሙ። በ2008 ምክር ቤቱ ያንኑ ክልከላ 37 ለ6 ሻረው። በሁለት ዓመት ውስጥ የወፎቹ ስቃይ ቀነሰ እንዴ? የ2006ቱን ድምፅ ብቻ የቆጠረ ሰው 48 የእንስሳት ተቆርቋሪዎች አገኘሁ ይላል። የለም። 48 ሰዎች ጉዳዩን እዚህ ግባ አላሉትም ነበር። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው።

ለዚህ ነው ዲክ ሲምፕሰን የሚባሉ ሰው ሌላ ዘዴ የተጠቀሙት። ሲምፕሰን በ1970ዎቹ ራሳቸው የ44ኛው ዋርድ አልደርማን ነበሩ፤ የዴፕሬ አጋር። የፖለቲካ ሳይንስ ፕሮፌሰርም ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በየጊዜው የምክር ቤቱን ድምፅ ይመረምራሉ። የሚቆጥሩት ግን ክፍፍል የታየበትን ብቻ ነው፤ ቢያንስ አንድ ሰው ከተቃወመ። ከዚያ እያንዳንዱ አባል ስንት ጊዜ ከከንቲባው ጋር እንደቆመ ያሰላሉ። የደረሱበትን ውጤት ደጋግመው በአንድ ስም ጠሩት፤ ማኅተም መቺ ምክር ቤት፣ ማለትም ከንቲባው ያቀረበውን ዝም ብሎ የሚያጸድቅ።

ዘዴው ጥሩ ነው። አንድ ቀዳዳ ግን አለው። ሁሉም የተስማማበት ነገር ሁልጊዜ ጥቃቅን አይደለም። በኅዳር 2011 የከንቲባ ራም ኢማኑኤል የመጀመሪያ በጀት ቀረበ። ከተማዋ ከነበሯት 12 የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች ግማሹን የሚዘጋ በጀት ነበር። የቤተ መጻሕፍት ሰዓትም ይቀንሳል። ብዙ አባላት አስቀድመው ስጋታቸውን ገልጸዋል፤ ትንሽ ማስተካከያም ተደረገ። ድምፅ ሲሰጥ ግን 50 ለ0። አንድም ሰው! በሲምፕሰን አቆጣጠር ይሄ ክፍፍል ስለሌለው ከቆጠራው ውጪ ነው። ክሊኒኩ ለተዘጋበት ታማሚ ግን የዚያ ዓመት ትልቁ ድምፅ እሱ ነው። ስለዚህ እኔ ክፍፍል ያለበትንም እመለከታለሁ፣ ዜሮ የሆነውንም። በተለይ በጀት ላይ ዜሮ ካየሁ ቆም እላለሁ።

ሌላ ድምፅ ልንገራችሁ። ይህን ቺካጎ ውስጥ ለማንም መኪና ላለው ሰው ብታነሱበት ሲረግም ትሰማላችሁ።

በታኅሣሥ 2008 ከንቲባ ሪቻርድ ኤም. ዴይሊ የከተማዋን የመኪና ማቆሚያ ቆጣሪዎች፣ ወደ 36,000 የሚጠጉ፣ ሞርጋን ስታንሊ በሚባለው ባንክ ለሚመራ የባለሀብቶች ስብስብ ለ75 ዓመት ለማከራየት ስምምነት አቀረቡ። ዋጋው 1.15 ቢሊዮን ዶላር ግድም። ማክሰኞ ይፋ ሆነ። ረቡዕ የፋይናንስ ኮሚቴው አየው፤ ሊቀመንበሩ ማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ሐሙስ ምክር ቤቱ 40 ለ5 አጸደቀው። ሦስት ቀን! ለ75 ዓመት ውል። አንድ ሰው ቤት ሲከራይ እንኳ ከዚያ በላይ ያስባል።

በቀጣዩ ዓመት የከተማዋ ዋና ኢንስፔክተር ዴቪድ ሆፍማን ስምምነቱን መርምረው ሪፖርት አወጡ። ከተማዋ ቆጣሪዎቹን ይዛ ብትቆይ ከምታገኘው ዋጋ ቢያንስ 974 ሚሊዮን ዶላር ያነሰ ነው የተቀበለችው አሉ። የማቆሚያው ታሪፍ ወዲያው ተሰቀለ። በብዙ ሰፈር ሰዓቱ 25 ሳንቲም የነበረው ወደ 1 ዶላር፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ወደ 2 ዶላር። የመሀል ከተማው ከ3 ዶላር ወደ 6.50። ከተማዋ ለበዓል ወይም ለጥገና መንገድ ስትዘጋ ለኩባንያው ካሳ የምትከፍልበት አንቀጽም ውሉ ውስጥ አለ። ገንዘቡስ? ዴይሊ በ2011 ሥልጣን ሲለቁ አብዛኛው የበጀት ጉድለት መሙያ ሆኖ አልቆ ነበር። ውሉ ግን ገና እስከ 2080ዎቹ ይቀጥላል። ዛሬ የተወለደ ልጅ መኪና ሲይዝ፣ ከዚያም ጡረታ ሊወጣ ሲል ይከፍላል።

አምስቱን ተቃዋሚዎች በስማቸው ልጥራቸው፤ የድምፅ መዝገብ ጥቅሙ ይሄ ስለሆነ። ቶኒ ፕሬክዊንክል፣ ሌስሊ ሄርስተን፣ ቢሊ ኦካሲዮ፣ ስኮት ዋግስፓክ፣ ሬይ ኮሎን። ሄርስተን ያኔ የ5ኛው ዋርድ ተመራጭ ነበሩ፤ የዴፕሬ ዋርድ። ዋርድ ጠባይ ያወርሳል አልልም፤ ግን «ለምን ተቃወምክ» ብሎ የሚጠይቅ ሳይሆን «ለምን ደገፍክ» ብሎ የሚጠይቅ መራጭ ያለበት ሰፈር ተመራጩን ድፍረት ይሰጠዋል።

የደገፉትን 40ዎቹን አስቡ። ከእነሱ ውስጥ ጉድጓድ የሚያስደፍን፣ ዛፍ የሚያስከረክም፣ ስልክ የሚያነሳ ትጉህ ሰው አልነበረም? ሞልቷል። ጉድጓዱ በአንድ ክረምት ተመልሶ ይከፈታል። ድምፁ ግን 75 ዓመት አለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብቻውን የተቃወመ ሁሉ ጀግና ነው ማለቴ አይደለም። 48 ለ1 ሲሆን ያቺ አንድ ድምፅ የመርሕም የግትርነትም ልትሆን ትችላለች። ዴፕሬን የተለየ ያደረጋቸው ቁጥሩ አይደለም፤ ተመሳሳይ ጉዳይ ላይ ለ20 ዓመት ተመሳሳይ ቦታ መቆማቸው ነው። ቤት በዘር አይከፋፈል፣ ታሪካዊ ሕንጻ አይፍረስ፣ ሥራ በፓርቲ አይታደል። ዕድሜ ያለው መዝገብ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። አንድ ድምፅ አጋጣሚ ነው። የሃያ ዓመት ድምፅ ግን ሰውየውን ራሱን ያሳያል።

አሁን ከመዝገቡ ወደሚጎድለው ልሂድ። መዝገቡ ሁሉን አይነግርም።

ቺካጎ ውስጥ ያልተጻፈ ደንብ አለ። በአንድ ዋርድ ውስጥ ስለሚሠራ ሕንጻ፣ ስለ ቦታ አጠቃቀም፣ ስለ ፈቃድ የዚያ ዋርድ አልደርማን ቃል ይከበራል። ሌሎቹ 49 እሱ ያለውን ይከተላሉ፤ እሱም በተራው የእነሱን ያከብራል። ስለዚህ ድምፁ በሙሉ ስምምነት ያልፋል፤ መዝገቡ ላይ ምንም አይታይም። ውሳኔው የተሰጠው ቀደም ብሎ፣ ቢሮ ውስጥ፣ አንዳንዴም ምሳ ላይ ነው። የሰፈር አገልግሎትና ሥልጣን የሚገናኙትም እዚህ ነው። ፈቃድ የሚያፋጥን እጅ ፈቃድ የሚያዘገይ እጅም ነው።

በርክ የወደቁት በዚህ ነው። ከወንበራቸው ጎን ለጎን የጥብቅና ቢሮ ነበራቸው፤ ለባለሀብቶች የንብረት ግብር የሚያስቀንስ። ቺካጎ ውስጥ ያ ሕጋዊ ሥራ ነበር። የደንበኛቸው ጉዳይ ምክር ቤት ሲቀርብ ደግሞ ከድምፅ ራሳቸውን ያገሉ ነበር፤ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ጊዜያት። ሕጉ የሚለው እንደዚያ ነው፤ አክብረውታል። ግን እስቲ ቁጥሩን እዩት። የከተማውን ገንዘብ የሚመራ ሰው ይህን ያህል ጊዜ «እኔ እዚህ ውስጥ ጥቅም አለኝ» ካለ፣ የሚወክለው ማንን ነው? ይህ ሁሉ በይፋ የተጻፈ ነበር። የድምፅ ተአቅቦ ዝርዝር ማንም የማያነበው ገጽ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምገልጠው እሱን ነው።

ኅዳር 2018 ላይ የኤፍቢአይ መርማሪዎች ቢሯቸውን ፈተሹ፤ የመስታወቱን በር በወረቀት ሸፍነው። ሌላው አልደርማን ዳኒ ሶሊስ ድብቅ መቅጃ ይዘው ሲያነጋግሯቸው እንደከረሙ በኋላ ታወቀ። ከቅጂዎቹ አንዱ ላይ በርክ ስለ አንድ ትልቅ የሕንጻ እድሳት ባለሀብት ሲጠይቁ ይሰማል፤ «ቱናውን አጠመድነው ወይ?» ይላሉ። ዓሣው ደንበኛው ነው። ዋርዳቸው ውስጥ ደግሞ አንድ የበርገር ምግብ ቤት እድሳት ሲጀምር ባለቤቶቹ የግብር ጉዳያቸውን ለእሳቸው ቢሮ እንዲሰጡ ጫና ተደረገባቸው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ክሱ የመጣው ጥር 2019 ላይ ነው። ምርጫው የካቲት ላይ ነበር። ምን የሆነ ይመስላችኋል? ተመረጡ። በመጀመሪያው ዙር፣ ከግማሽ በላይ ድምፅ አግኝተው።

ይህን ሳነብ «ሕዝቡ ሞኝ ነው» ማለት ቀላል ነበር። አይደለም። 50 ዓመት በር የከፈተላቸውን ሰው ነው የመረጡት። እነሱ የሚያውቁት በርክ ክሱ ላይ የተጻፈው በርክ አይደለም። ለማያውቁት ነገር የሚያውቁትን ሰው አሳልፈው አልሰጡም። ይህ ታማኝነት ነው፤ ታማኝነት መጥፎ አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ የሚገባቸውን የከተማ አገልግሎት እንደ ግል ውለታ እንዲቆጥሩት ተደርገዋል። የቆሻሻ ገንዳ መብት ነው፤ ግብር ተከፍሎበታል። በአልደርማን እጅ ሲመጣ ግን ስጦታ ይመስላል። ስጦታ የሰጠህን ሰው ደግሞ መዝገቡን አምጣ አትለውም፤ ነውር ይመስላል።

ታኅሣሥ 2023 ላይ ከ14 ክሶች በ13ቱ ጥፋተኛ ተባሉ፤ ጉቦና በሥልጣን ማስገደድ ይገኙበታል። አቃቤ ሕግ 10 ዓመት ጠየቀ። በሰኔ 2024 ዳኛዋ ቨርጂኒያ ኬንዳል የፈረዱት 2 ዓመትና 2 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ነው። ከውሳኔው በፊት ለዳኛዋ ከ200 በላይ ደብዳቤዎች ደርሰዋቸዋል። በርክ የረዷቸው ሰዎች ጻፉ፤ በችግራቸው ጊዜ የደረሱላቸው፣ ማንም ሳያይ ደግ የዋሉላቸው። ዳኛዋ በሥራ ዘመናቸው እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ።

እነዚያን ደብዳቤዎች ውሸት ናቸው አልልም። እውነት ናቸው ብዬ ነው የማምነው። የሚያስቸግረውም እሱ ነው። አንድ ሰው ከልቡ ደግ ሆኖ በወንበሩ ደግሞ ሊነግድ ይችላል።

ዴፕሬና በርክ ከ1969 እስከ 1975 በአንድ ምክር ቤት ተቀምጠዋል፤ በኋላም እንደገና ፊት ለፊት ተገናኝተዋል፤ ይህን ሳልነግራችሁ አልሄድም። በ1983 ሃሮልድ ዋሽንግተን የቺካጎ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሆኑ። በርክና ሌላው አልደርማን ኤድዋርድ ቨርዶሊያክ ራሳቸውን ጨምሮ 29 አልደርማኖችን ይዘው ተነሡባቸው፤ ከንቲባው 21 ብቻ ቀራቸው። ሦስት ዓመት ያህል 29 ለ21፣ 29 ለ21። ሹመት ይታገዳል፣ በጀት ይታገታል። ያ ዘመን «የምክር ቤቱ ጦርነት» ተባለ። በርክ የፋይናንስ ኮሚቴው ሊቀመንበር የሆኑት ያኔ ነው። ከንቲባው ጎን ተቀምጠው የስብሰባ ሥነ ሥርዓት የሚያማክሩት ደግሞ ማን መሰሏችሁ? በ70ዎቹ ዕድሜ ላይ የነበሩት ዴፕሬ። በ1986 ፍርድ ቤት በ7 ዋርዶች ዳግም ምርጫ እንዲካሄድ አዘዘ፤ የዋርዶቹ ክልል የተሠመረው ለአናሳዎች ፍትሐዊ ባልሆነ መንገድ ነው ተብሎ። ውጤቱ 25 ለ25 ሆነ። ድምፅ እኩል ሲሆን የሚወስነው ከንቲባው ነው። ዋሽንግተን በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ላይ ቢሯቸው ውስጥ እያሉ ሕይወታቸው አለፈ።

ሰዎች አንዳንዴ «ታዲያ አገልግሎቱም ድምፁም አንድ ላይ አይሄድም?» ይሉኛል። ይሄዳል። ሲምፕሰን 44ኛው ዋርድ ውስጥ የነዋሪ ጉባኤ አቋቁመው ነበር፤ ጉባኤው ተወያይቶ የወሰነውን ምክር ቤት ይዘው ይገባሉ። በ2009 ደግሞ የ49ኛው ዋርድ አልደርማን ጆ ሙር ለዋርዱ የሚሰጠውን የግንባታ ገንዘብ፣ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ ነዋሪው ራሱ በድምፁ እንዲመድበው አደረጉ። በአሜሪካ የመጀመሪያው ነበር። የትኛው መንገድ ይጠገን፣ የትኛው መብራት ይተከል የሚለው ከአንድ ሰው ኪስ ወጥቶ ለሰፈሩ ተሰጠ። እንዲህ ሲሆን ጉድጓዱ ውለታ መሆኑ ይቀራል።

እንግዲህ ረጅም ዓመት ያገለገለ ተመራጫችሁን መዝገብ ማየት ብትፈልጉ ሁሉንም ለማንበብ አትሞክሩ፤ ትሰለቻላችሁ። የበጀት ድምፆቹን ብቻ አውጡ፤ በዓመት አንድ ነው፣ አይከብድም። ትልቅ ውል ወይም ሽያጭ የጸደቀበትን ቀን ፈልጉና ሐሳቡ ከቀረበ በስንት ቀን እንዳለፈ ቁጠሩ። ቺካጎ ውስጥ ሁለት አባላት ከተስማሙ አንድን ጉዳይ ወደሚቀጥለው ስብሰባ ማስተላለፍ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ሥልጣን የእናንተም ምክር ቤት ቢኖረው ተመራጫችሁ ተጠቅሞበት ያውቃል? ራሱን ያገለለባቸውን ጉዳዮች ዘርዝሩ። የየትኛው ኮሚቴ አባል እንደሆነም እዩ፤ ብዙ ነገር የሚሞተው እዚያ ነው፤ ዋናው አዳራሽ አይደርስም። ሲቀጥል ደግሞ ሄዳችሁ ጠይቁት። በቁጣ ሳይሆን እንደ ዘመድ። «ይሄን ለምን ደገፍክ?» ጥሩ ተመራጭ መልስ አለው፤ መልሱ ባያስማማችሁም።

ምክር ቤታችሁ በየስሙ የተጻፈ ድምፅ የማያወጣ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ እሱ ይሁን። ከጉድጓዱም በፊት።

አሁን የእናንተን ልስማ። ማን ይጀምራል?